ሩምና ጂንጀር ቢር በቤት ውስጥ፦ ከጅማ ገበያ ዝንጅብል ተነሥቶ ኮክቴል ለማዘጋጀት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ጠቆር ያለ ሩም፣ ጂንጀር ቢር (ጋዝ ያለው ጣፋጭ የዝንጅብል መጠጥ) እና ሎሚ በበረዶ ላይ የሚዋሐዱበት መጠጥ በኮክቴል ዓለም ዳርክ ኤንድ ስቶርሚ በሚለው ስሙ ይታወቃል። መነሻው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው ቤርሙዳ ናት፤ መሥራቹ በ1806 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ተነሥቶ በዚያች ደሴት የቀረው የጎስሊንግ ቤተሰብ የሚያዘጋጀው ጥቁር ሩም፣ እንግሊዞች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጠምቁት ከነበረው ጂንጀር ቢር ጋር ተቀላቅሎ መጠጡ ታወቀ። ዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር ያጸደቀው ልክ 60 ሚሊ ሊትር ጠቆር ያለ ሩም በ100 ሚሊ ሊትር ጂንጀር ቢር ላይ ነው።

ጅማ ላይ ሆኖ ይህን መጠጥ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ልቡ የሚሄደው ወደ ሩሙ ነው፤ የትኛው ሩም፣ ከየት፣ በስንት እያለ ይጨነቃል። እኔ ግን አጥብቄ የምለው ጭንቀቱ መዞር ያለበት ወደ ዝንጅብሉ መሆኑን ነው። መካከለኛ ሩም በጥሩ የዝንጅብል መጠጥ ላይ ሲፈስ ደስ የሚል ኮክቴል ይሆናል፤ ውድ ሩም ዝንጅብሉ በደከመ ጣፋጭ ውሃ ላይ ቢፈስ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ታሽጎ የሚሸጥ ጂንጀር ቢር በከተማችን ሱቆች እንደ ልብ ስለማይገኝ ቤት ውስጥ ልንሠራው ግድ ነው፤ ይህም ጉዳት ሳይሆን ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ከሩሙ በስተቀር የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ሂርማታ ገበያ ላይ በአንድ ዙር ይሸመታል።

ዝንጅብሉን መምረጥ

ገበያ ላይ በመደብ ተደርድሮ ከሚሸጠው እርጥብ ዝንጅብል መካከል ጠንከር ያለውን፣ ቆዳው ያልተጨማደደውንና ሲይዙት ከባድ የሚመስለውን ይምረጡ። ሻጯ ከፈቀዱ አንዱን ጣት ሰበር አድርገው ይመልከቱ፤ ጥሩ ዝንጅብል ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ በተሰበረበት ቦታ ላይ እርጥበት ብቅ ይላል፣ ሽታውም ወዲያውኑ አፍንጫ ይሞላል። ቆዳው በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ለጋ ዝንጅብል ጭማቂው ብዙ ነው፣ ግን ማቃጠሉ ለስለስ ይላል፤ የበሰለው ደግሞ ክር ይበዛዋል፣ ጭማቂው ያንሳል፣ ማቃጠሉ ግን ይበረታል። ሁለቱንም ማግኘት ከተቻለ ለጋውን ለጥሬ ጭማቂ፣ የበሰለውን ለሽሮፕ፣ ማለትም በዝንጅብል ፍል ውሃና በስኳር ለሚሠራው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ማዋል ይመረጣል። ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ውሃ የሚያወጣ ዝንጅብል ካገኙ ይተዉት። በ2012 እ.ኤ.አ. የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የዝንጅብል ማሳዎች ክፉኛ ስለመታ፣ ገበሬውም ሸማቹም የበሰበሰ ዝንጅብልን በዓይን መለየት ተምሯል።

ደረቅ ዝንጅብል እርጥቡን አይተካም። ዝንጅብል ሲደርቅ ጂንጀሮል የተባለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ሾጋኦል ወደሚባል ይበልጥ ወደሚያቃጥል ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ በአንጻሩ እርጥብ ዝንጅብል ሲፈላ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ ዚንጀሮን ወደሚባል ለዘብ ወዳለና ጣፈጥ ወደሚል ነገር ይቀየራል። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት ትልቅ ነው፦ የተቀቀለ ብቻ ከተጠቀምን መጠጡ እንደ ሻይ ይሆናል፣ ጥሬ ብቻ ከተጠቀምን ደግሞ ጉሮሮ ይይዛል እንጂ ሥር ያለው ጣዕም አይኖረውም። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አዘጋጅተን ብርጭቆ ውስጥ እናገናኛቸዋለን።

ሎሚ፣ ማጣፈጫና አምቦ ውሃ

የእኛ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ለዚህ መጠጥ የተፈጠረች ያህል ትስማማለች፤ ከትልቁ ቢጫ ሎሚ ይልቅ ኮምጣጣና መዓዛዋ ስለታም ነው። ቆዳዋ ቀጠን ያለውንና አንጸባራቂውን ይምረጡ። አንድ መካከለኛ ሎሚ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ያህል ጭማቂ ይሰጣል።

ለማጣፈጫ ተራ ስኳር ይበቃል። ይሁን እንጂ በማር አገር ተቀምጦ ማርን መርሳት አይገባም፤ ከስኳሩ ግማሹን በማር መተካት መጠጡን ሞላ ያለ ያደርገዋል። ከጌተም አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ለስላሳ ስለሆነ ዝንጅብሉን አይጋፋም፤ ጠቆር ያለው የጫካ ማር ደግሞ ከጥቁር ሩም ጋር ይግባባል፣ በመጠን ከሆነ። መራራነት ያለው ማር ከሆነ ግን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡት።

ኮረሪማ የእኔ ምርጫ ነው፣ ግዴታ አይደለም። የዚህ የአገራችን ክፍል በቀል የሆነው ኮረሪማ ከዝንጅብል ጋር የአንድ ዕፅዋት ቤተሰብ ስለሆነ መዓዛቸው አይጣላም፤ የአንድ ፍሬ ዘር ብቻ ለሙሉ ሽሮፕ ይበቃል።

ጋዙን ከአምቦ ውሃ እናገኛለን። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ አምቦ ውሃ በተፈጥሮው ባይካርቦኔት የበዛበት የማዕድን ውሃ ነው፣ ባይካርቦኔት ደግሞ የሎሚን አሲድ ያለዝባል። በሌላ አገር መመሪያዎች ላይ ለአንድ ብርጭቆ 10 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ የሚለውን ይዘው በአምቦ ቢሠሩ መጠጡ ለስለስ፣ ትንሽም ጨው ጨው ሊልዎት ይችላል፤ ስለዚህ ሎሚውን ወደ 15 ሚሊ ሊትር ከፍ ያድርጉ። አሲዱና ባይካርቦኔቱ ሲገናኙ ተጨማሪ ጋዝ ስለሚፈጠር አምቦው በኃይል ከፈሰሰ አረፋው ከብርጭቆው ይገነፍላል፣ ጋዙም አብሮ ይሄዳል። በብርጭቆው ጎን ቀስ እያሉ ማፍሰስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሩሙን በተመለከተ

ሩም ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ወይም ስኳር ከተመረተ በኋላ ከሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ሞላሰስ ተጠምቆ የሚጣራ መጠጥ ነው። ነጭ፣ ወርቃማና ጠቆር ያለ እየተባለ ይከፈላል፤ ጥቁረቱ ግን ሁልጊዜ የእድሜ ምልክት አይደለም፣ በተቃጠለ ስኳር ቀለም የሚሰጠው ብዙ ነው። ለዚህ ኮክቴል ጠቆር ያለው ይመረጣል፤ የሞላሰስና የተቃጠለ ስኳር ጣዕሙ ከዝንጅብሉ ማቃጠል ጋር ስለሚመጣጠን ነው። ነጭ ሩም ብቻ ካለ መጠጡ ቀለል ብሎ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ሽሮፑን በጠቆር ያለ ማር መሥራት ጉድለቱን በከፊል ይሞላል።

ሲገዙ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን፣ የአምራቹ ስምና የአልኮል መጠኑ መጻፉን ያረጋግጡ፤ የተለመደው 40 በመቶ አካባቢ ነው። ከታወቀ ሱቅ ይግዙ፤ ምልክት በሌለው ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጥ መጠጥ ርካሽ ቢሆንም አይንኩት፣ ሜታኖል ያለበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በሩሙ ምትክ የቤት አረቄ ስለማፍሰስ የሚጠይቁ አሉ፤ አረቄ የራሱ ክብር ያለው መጠጥ ነው፣ ነገር ግን የጌሾው ጣዕም ዝንጅብሉን ይጫነዋል፣ ጥንካሬውም ከቤት ቤት ስለሚለያይ መጠን ለመያዝ ያስቸግራል። አልመክረውም።

በረዶና መለኪያ

በረዶውን ከአንድ ቀን በፊት ያዘጋጁ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ እንግዳ ቤት ቁጭ ብሎ ውሃ እስኪረጋ መጠበቅ አይቻልም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጠቀሙ፣ ዕቃውንም ይክደኑት፤ ሥጋና ቅቤ በተቀመጠበት ፍሪዘር ውስጥ ክፍት ሆኖ ያደረ በረዶ የቅቤውን ሽታ ይስባል፣ ያ ሽታ ደግሞ ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ በዝንጅብልም አይሸፈንም። ትልልቅ በረዶ ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ መጠጡን አያቀጥነውም።

የባርቴንደር መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። የአረቄ መለኪያ ካለ እሱን ይያዙ፤ ነገር ግን መለኪያዎች ስለሚለያዩ በቅድሚያ በሾርባ ማንኪያ ውሃ እየሰፈሩ ምን ያህል እንደሚይዝ ይወቁ። አራት የሾርባ ማንኪያ 60 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ ሌላ ሙቀጫ ወይም መፈቅፈቂያ፣ ክዳን ያለው ድስት፣ ማጥለያ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅና 300 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ረዘም ያለ ብርጭቆ ይበቃሉ።

ሽሮፑን መሥራት

ሁለት መቶ ግራም ዝንጅብል በደንብ አጥበው አፈሩን በብሩሽ ያስለቅቁ፤ ቆዳው ቀጭን ከሆነ መላጥ አያስፈልግም፣ ሽሮፑ ስለሚጠለል። በስሱ ይክተፉትና በሙቀጫ ደቀቅ ያድርጉት፤ ዱቄት እስኪሆን ሳይሆን ክሩ እስኪፈታና ጭማቂው መውጣት እስኪጀምር ድረስ። ከ400 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ድስት ውስጥ ይጨምሩ፣ ኮረሪማ ካስገቡ ዘሩን ወቀጥ አድርገው አብረው ይጨምሩ። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ለ15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ያንተክትክ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ 10 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ አምስት ደቂቃ ቢጨመርለት መልካም ነው። ክዳኑ እንዳይከፈት የምለው መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚወጣ ነው፤ ቤቱ በሽታው ሲታወድ ደስ ይላል፣ ግን ቤቱን ያወደው ሽታ ከመጠጡ የጎደለ ነው።

ከእሳት ካወረዱት በኋላ ክዳኑን ሳይከፍቱ 20 ደቂቃ ያሳርፉት። ከዚያ በጨርቅ አጥልለው በደንብ ይጭመቁ፤ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይወጣል። ገና ትኩስ እያለ 250 ግራም ስኳር ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ፤ እንደገና ማፍላት አያስፈልግም። በማር የሚሠሩ ከሆነ 125 ግራም ስኳሩን በትኩሱ አሟሙተው፣ ፈሳሹ ለብ እስኪል ጠብቀው 125 ግራም ማሩን ይጨምሩ፤ ማር በፈላ ነገር ውስጥ ሲገባ መዓዛው ይጠፋል። በዚህ መጠን የሚወጣው ሽሮፕ ለ15 ብርጭቆ ያህል ይበቃል።

ጥሬ ጭማቂውን ማውጣት

ይህ ክፍል አጭር ቢሆንም መጠጡን ጂንጀር ቢር የሚያሰኘው እሱ ነው። መቶ ግራም ለጋ ዝንጅብል ልጠው በመፈቅፈቂያ ያድቅቁ፤ የደቀቀውን ጨርቅ ላይ አድርገው፣ ጨርቁን እንደ ከረጢት ጠቅልለው፣ በኃይል ጠምዘው ንጹሕ ሲኒ ውስጥ ይጭመቁት። 40 ወይም 50 ሚሊ ሊትር ቢጫማ ደፍራሳ ጭማቂ ያገኛሉ። ሲኒውን ሳይነኩ ሩብ ሰዓት ቢተዉት ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ይረጋል፤ ይህ የዝንጅብሉ ስታርች ነው። ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ጭማቂ ቀስ ብለው ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡ፣ ነጩን ይተዉት። ስታርቹ አይጎዳም፣ ነገር ግን መጠጡን ያደፈርሰዋል፣ ምላስ ላይም ዱቄት ዱቄት ይላል። ይህን ጭማቂ በፍጹም አያፍሉት፤ ጥሬነቱ ነው የምንፈልገው።

ብርጭቆው ላይ

አምቦው ከመከፈቱ በፊት ለብዙ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝን አጥብቆ ይይዛል፤ በክፍል ሙቀት ያለ ውሃ ሊይዝ የሚችለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በዜሮ ዲግሪ ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሞቅ ያለ አምቦ በረዶ ላይ ሲፈስ አረፋ ሆኖ ያልቃል፣ የሚቀርልዎ ጣፋጭ ውሃ ነው።

ሎሚውን በጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ተጭነው ያንከባሉት፣ ከሁለት ከፍለው ይጭመቁት፤ ቆዳው ውስጥ ያለው ምሬት እንዳይወጣ ከመጠን በላይ አይጠምዝዙት። ሎሚ ተጨምቆ ብዙ ሰዓት ከቆየ ጣዕሙ ስለሚለወጥ ሥራው መሠራት ያለበት መጠጡ ሊቀርብ ሲል ነው።

ባዶው ብርጭቆ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ 5 ሚሊ ሊትር ጥሬ የዝንጅብል ጭማቂና 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ጨምረው በማንኪያ ያዋሕዱ። ከዚያ በረዶውን እስከ አፉ ድረስ ይሙሉት፤ በረዶ መቆጠብ መጠጡን ያቀጥነዋል እንጂ አያወፍረውም፣ ጥቂት በረዶ ፈጥኖ ስለሚሟሟ። ብርጭቆውን ትንሽ ዘንበል አድርገው 90 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አምቦ በጎኑ ቀስ ብለው ያፍስሱ። አረፋው ከፍ ካለ ቆም ብለው እስኪወርድ ይጠብቁ። ማንኪያውን እስከ ታች አስገብተው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ያንሡት፤ ደጋግሞ ማማሰል ጋዙን ያወጣዋል።

አሁን ቅመሱት፣ ሩም ሳይገባ። በዚህ ደረጃ መጠጡ ለብቻው የሚጠጣ ጥሩ ነገር መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሩሙ አያድነውም። ጣፋጩ ከበዛ ጥቂት ሎሚ፣ ኮምጣጣው ከበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ፣ ዝንጅብሉ ከደከመ ጥቂት ጠብታ ጥሬ ጭማቂ ይጨመርበታል። ማቃጠሉ ከበዛ ግን ስኳር አያብዙበት፤ አምቦ ይጨምሩበት፣ በሚቀጥለው ብርጭቆ ጥሬውን ጭማቂ ይቀንሱ።

ጣዕሙ ልክ ሲሆን ማንኪያውን ገልብጠው በበረዶው ላይ ያስጠጉ፣ 60 ሚሊ ሊትር ሩሙን በማንኪያው ጀርባ ላይ በቀጭኑ ያፍስሱ። ሩም ስኳር ከያዘው ፈሳሽ የቀለለ ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ጥቁሩ ከላይ ሆኖ ቀስ በቀስ እንደ ጭስ ክር እየሆነ ወደ ወርቃማው ይወርዳል። ጠጪው የመጀመሪያውን ጉንጭ በሩሙ ጠረን ይቀበላል፣ ከዚያ እንደ ፍላጎቱ ያማስላል። ጠርዙ ላይ አንድ ቁራጭ ሎሚ ይበቃል።

ለማይጠጣ እንግዳና ስለ መጠን

ሩሙ መጨረሻ ላይ እንዲገባ የማደርገው ለመልኩ ብቻ አይደለም። በጅማ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ የሚጠጣውና የማይጠጣው አብረው ይቀመጣሉ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሁሉም አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ አንድ ዓይነት ዝንጅብል ይዞ ይጫወታል፣ ሩሙ ለሚፈልገው ብቻ ይጨመራል። ለማይጠጡት የሚሆኑትን ብርጭቆዎች ግን በቅድሚያ ሠርተው ያቅርቡ፤ ሩም የነካ ማንኪያም ሆነ መለኪያ አይድረስባቸው። ይህ ሊታለፍ የማይገባው የእንግዳ ክብር ነው።

ስድሳ ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ሩም 19 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ነው። ዝንጅብሉና ስኳሩ ጥንካሬውን ስለሚሸፍኑት ጠጪው ሳያውቀው ከመጠን ሊያልፍ ይችላል። ለስለስ እንዲል የሚፈልግ ሩሙን ወደ 45 ሚሊ ሊትር ዝቅ ያድርግ። መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ለሚነዳ፣ ለነፍሰ ጡርና ከአልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሩም የሌለበት ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ስለሆነ በቤትም ይኸው ይከበር።

በእርሾ የሚጠመቀው ጂንጀር ቢር

ጊዜ ያለው ሰው በአምቦ ፈንታ ጋዙን በእርሾ ማምጣት ይችላል፤ የጥንቱ ጂንጀር ቢርም የተሠራው እንዲህ ነው። ሁለት ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የ150 ግራም ዝንጅብል ጭማቂ፣ 200 ግራም ስኳር፣ የሦስት ሎሚ ጭማቂና ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ያድርጉ፤ አራት ጣት ያህል ክፍተት ከላይ ይተዉ። የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ የሚሆን ደረቅ የዳቦ እርሾ ጨምረው፣ አጥብቀው ከድነው፣ ያናውጡት። በጅማ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ጠርሙሱን በየጊዜው በእጅ ይጫኑት፤ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ወዲያውኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡ፣ ሲከፍቱም ቀስ እያሉ ጋዙን ያስተንፍሱ። የብርጭቆ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጫናው ሲበዛ ይፈነዳል፣ ሰውም ይጎዳል።

በዚህ መንገድ የተሠራው ሲቀርብ ሽሮፑና አምቦው አያስፈልጉም፤ 100 ወይም 120 ሚሊ ሊትሩን ከሎሚና ከበረዶ ጋር ቀድቶ ሩሙን ከላይ ማፍሰስ ነው። እርሾ የገባበት መጠጥ ትንሽም ቢሆን አልኮል ስለሚያፈራ ለማይጠጣ እንግዳ አይቀርብም፤ ለእሱ ያለው የአምቦው ነው።

የተረፈውን ማስቀመጥ

ሽሮፑ በንጹሕ፣ በፈላ ውሃ በታጠበ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ በማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ አረፋ ካወጣ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይደፋ። ጥሬው ጭማቂ በሁለት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ከፈለጉ በበረዶ መሥሪያው ቅርጽ ውስጥ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምረው በረዶ ያድርጉት፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ አንዷን ለአንድ ብርጭቆ ያወጣሉ። በእርሾ የተጠመቀው በማቀዝቀዣም ውስጥ ቀስ እያለ መሥራቱን ስለማያቆም በሳምንት ውስጥ ይጠጣ፣ ጠርሙሱም በየሁለት ቀኑ ይተንፍስ። ከጨርቁ ላይ የቀረው የተጨመቀ ዝንጅብል ገና ጣዕም ስላለው ከሻይ ቅጠል ጋር አፍልቶ መጠጣት ይቻላል።